ያልደፈረሰው ብልቃጥ

«እስቲ እጅሽን አምጪው» አለች ናፊሳ።

የልጅ ልጇ ፈሪሃ የንፍሮውን ሰፌድ በግራ እጇ ይዛ፣ ቀኟን ከሻሿ ሥር ሸሽጋ ቆማለች። ዳሱ ውስጥ ለተዝያ፣ ሊያስተዛዝኑ የመጡት ወንዶች ዱዓቸውን ጨርሰው ስለ ሟቹ ያወራሉ። ሟቹ አብዱልሀኪም የናፊሳ የበኩር ልጅ፣ የፈሪሃ አባት ነው።

«ምንም አይደለም እማ። ዳሱ ሲሠራ የግራር እሾህ ወግቶኝ ነው።»

ናፊሳ እጇን ስባ አወጣችው። ጣቷ አብጦ ያብረቀርቃል። ከጣቷ የተነሳ ቀይ መስመር በክንዷ ሽቅብ ወደ ብብቷ ወጥቷል። ገላዋ ይፋጃል። ናፊሳ ይህን መስመር በልጇ ጭን ላይ አይታዋለች፤ በታየ በሳምንቱ አፈር አልብሰውት ተመለሱ።

«ሳይካፈል የጎረሰው ነገር የለም፤ አላህ ይዘንለት» ይላል ከወንዶቹ አንዱ። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያ ጣሊያን ሐኪም ነው መርዝ ያበላው» ይላል።

ሳይካፈል አልጎረሰም ያሉት እውነት ነው። አብዱልሀኪም ሕፃን ሳለም ማንጎ ሲሰጡት መጀመሪያ የሚያየው ዙሪያውን ነበር፤ ያልደረሰው ልጅ ካለ ብሎ። ጎልምሶም አልተወውም። ጣሊያን መንገዱን ወደ ጣርማ በር ሲያወጣ፣ እሱ በግመሎቹ ከሮቢ ወንዝ ለሠራተኛው ውሃ ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን በድማሚት የፈነዳ ድንጋይ ጭኑን መታው። የሠራተኛው ሰፈር ሐኪም ነጫጭ ኪኒን ሰጠውና «እስኪያልቅ ራስህ ዋጥ» አለው። ቁስሉ ሲጠግግለት ግን አብዱልሀኪም ከቤቱ ጓሮ ቁርቁራው ሥር ተቀምጦ፣ የተረፉትን ኪኒኖች በቢላ እየከፈለ እንደሱ ለቆሰሉት ባልደረቦቹ ሲያድል ናፊሳ አይታዋለች። መርቃውም ነበር። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ዋጡ፤ ሕመሙ ሲተዋቸው ተዉት። ቆይቶ ቁስሉ አገረሸ። በዚያን ጊዜ ሐኪሙ ዳግም የሰጠውን ኪኒን በእፍኝ ቢውጠውም ውሃ ሆነበት።

«ወደ ሐኪሙ እወስዳታለሁ» አለች ናፊሳ።

የፈሪሃ እናት ዘምዘም ኢዳ ላይ ናት፤ ባሏ የሞተባት ሴት እንደዋዛ ከቤት አትወጣም። እንባዋን እየዋጠች «ውሰጂልኝ» አለች። የሟቹ ታናሽ ወንድም አብዱረሂም ግን በሩ ላይ ቆመ።

«እማ፣ ወንድሜን የገደለውን መድኃኒት ለልጁ ልታበያት ነው?»

«ምን እንደገደለው ጠይቄ እመጣለሁ። ልጅቷን እዘልልኝ፤ አለዚያ በሩን ልቀቅ።»

አዘላት።

ሐኪሙ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነው። የናፊሳን ወንድም ቤት ያቃጠሉት የዚህ ሰው ወገኖች ናቸው፤ እሷም አልረሳችም። ቢሆንም የልጅቷን ክንድ ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ጣቷን በጥቶ መግሉን አወጣና በጣሊያንኛ አንድ ነገር ተናገረ። የሸዋ ሮቢቱ ተክሌ፣ አስተርጓሚውም ቁስል አጣቢውም እሱ ነው፣ ለመተርጎም ዘገየ።

«ምን አለ?»

«እማማ ናፊሳ፣ የአባቷን ቁስል ታጥብ ነበር ወይ ይላል።»

«ታጥብ ነበር።»

ተክሌ ከመደርደሪያው አንድ ብልቃጥ አነሳ። በውስጡ ያለው እንደ ጎርፍ ውሃ የደፈረሰ ነው። «ይህ የልጅዎ ነው። ቁስሉ ባገረሸ ጊዜ ከመግሉ ወስዶ በሥጋ መረቅ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጋር አሳደረው። በመግሉ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ተባዮች አሉ። መድኃኒቱ ቢገድላቸው ኖሮ መረቁ እንደጠራ ይቀር ነበር። እነሱ ግን በመድኃኒቱ መሀል ተባዙ።»

«መርዝ አልነበረም?»

«መርዝስ አልነበረም። መድኃኒቱ ሲጀመርና ሲቋረጥ ደካማው ተባይ ይሞታል፣ ብርቱው ይተርፋል። የተረፈው ደግሞ መድኃኒቱን አይፈራም።»

«የሷስ?»

«የእሷንም እንደዚሁ ያሳድረዋል። ነገ ጠርቶ ከተገኘ በመድኃኒት ትድናለች። ከደፈረሰ ግን…» ተክሌ ዓይኑን ከናፊሳ ላይ አነሳ። «ወደ ልቧ ሳይደርስ ክንዷን እቆርጣለሁ ይላል።»

አብዱረሂም ልጅቷን ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ናፊሳ ትከሻውን ያዘችው። «ተቀመጥ» አለችው፤ ተቀመጠ። ፈሪሃ ከዚያው ሰዓት ጀምሮ ኪኒኑን ዋጠች፤ ይሥራ አይሥራ የሚያውቅ ግን አልነበረም።

ጠዋት ተክሌ ሁለት ብልቃጥ ይዞ ወጣ። አንደኛው ደፍርሷል። የናፊሳ ዓይን እሱ ላይ ወደቀ።

«እሱን አይዩት! እሱ መድኃኒት ያልገባበት ነው፤ ተባዩ በሕይወት መኖሩን ለማየት ነው። ይኸኛውን ይዩ።»

ሁለተኛውን ወደ ፀሐይ አቀናው። ናፊሳ በብልቃጡ ውስጥ አሻግራ የተክሌን ጣቶች አየች፤ ጥፍሮቹን ሳይቀር። እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል።

«ተባዩ የአባቷ አይደለም» አለ ተክሌ እየሳቀ። «የእሾሁ ነው! መድኃኒቱን ይፈራል!»

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ደግማ ደጋግማ አለች። ልጇን ከቀበረች ወዲህ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሳላትና ትንፋሿን እስከ ታች ሳበችው። አብዱረሂም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሐኪሙ በበሩ ብቅ ብሎ አንዲት ቃል ወርውሮ ገባ።

«ምን አለ?»

«እስኪያልቅ ብቻዋን ትዋጥ አለ።»

ቀዩ መስመር ወደ መጣበት ተመለሰ። ቤት ከገቡ በኋላ፣ ዳሱ ሲፈርስ፣ ፈሪሃ በደህና እጇ ቅጠሉን ትጎትት ነበር። «ድኛለሁ እኮ እማ፣ ይብቃኝ» ብትልም ናፊሳ ኪኒኑን በምላሷ ላይ እያኖረች እስክትውጥ ፊቷ ላይ ታፈጥባት ነበር።

ከፈረሰው ዳስ በር ላይ አብዱልመጂድ ቆሞ ደረሰችበት፤ ከልጇ ጋር በመንገዱ ላይ የለፋ ጎረምሳ ነው። እጁን በጨርቅ ጠቅልሏል።

«እማ ናፊሳ፣ ይኸ ቁስል እንቅልፍ ነሳኝ። ከልጅቷ ኪኒን ሁለት ብቻ ብትሰጪኝ።»

ናፊሳ የተጠቀለለውን እጁን አየችው።

«አብዱልሀኪም ቢኖር አይነፍገኝም ነበር» አለ፤ ክፉ አስቦ አልነበረም።

«እውነትህን ነው፤ አይነፍግህም ነበር።»

የቀሩትን ኪኒኖች በሻሿ ጫፍ ቋጥራ አጠበቀቻቸው። «ይኸ የሷ ነው፤ አልሰጥህም። ተነስ፣ ላንተ የሚሆነውን ተክሌ ይሰጥሃል። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ።»

በቀብሩ ቀን ያልወጣላት እንባ መንገድ ላይ መጣ። አልጠረገችውም። ሮቢ ወንዝ ሲደርሱ ያን የሚያህለውን ጎረምሳ ደህናውን እጁን እንደ ሕፃን ያዘችውና፣ ከድንጋይ ድንጋይ እያስረገጠች አሻገረችው።