የዘለለችው አንቀጽ

«በዚህ መንደር እኔ ሳላነበው አውራ ጣት የሚያርፍበት ወረቀት የለም!» አለች ሰዕዲያ፣ ከአዲስ አበባ የመጡት የባንክ ነገረ ፈጅ ገና ከላንድሮቨሩ ወርደው ቦርሳቸውን ሳይከፍቱ። «ስድስተኛን አንደኛ ወጥቼ ነው ያለፍኩ። እኔም እንደ እርስዎ የባንክ ጠበቃ ነው የምሆን።»

ነገረ ፈጇ ወይዘሮ አሰገደች ፈገግ ብለው ውሉን ዘረጉ።

የመንደሩ ሰዎች ከድርቁ በኋላ ከወሎ ተጭነው አሶሳ አጠገብ ከሰፈሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሴቶቹ እህል ለማስፈጨት ከተማ ድረስ በጀርባቸው ተሸክመው ሲመላለሱ ወገባቸው ተቆርጧል። ዛሬ የወፍጮ መግዣ ብድሩ ይፈረማል። በሳር ክዳኑ አዳራሽ የማኅበሩ አባላት ተሰልፈው አውራ ጣታቸውን ከቀለም እየነከሩ ወረቀቱ ላይ ጫን ያደርጉ ጀመር።

አጎቷ አያ ዐወድ ጣታቸውን ግድግዳው ላይ እየጠረጉ፣ «ወፍጮው እስኪመጣ የዚች ልጅ ምላስ ይፈጭልናል» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

አሻራው ሲያልቅ ነገረ ፈጇ እስክሪብቶ ለሰዕዲያ ሰጧት። «እዚህ ጋ አንብቤ አስረድቻለሁ ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ግን እስቲ ንገሪኝ፣ ስምንተኛው አንቀጽ ምን ይላል?»

የሰዕዲያ ጆሮ እንደ ፍም ጋለ።

ትናንት ከሰዓት ቀድሞ የተላከውን ውል ለመንደሩ ሰው ስታነብ ስምንተኛው ላይ ምላሷ ተሳሰረ። «ተበዳሪው በመያዣነት ያስመዘገበውን…» ብላ ስትንተባተብ ከኋላ አብሯት የተማረው ሀብቱ ኪኪኪ አለባት። እሷም ሳል እንደያዘው ሰው ኡሁ ኡሁ ብላ ዘጠነኛው ላይ ዘላ አረፈች። ማንም አላወቀም። በኋላ ለብቻዋ ደጋግማ አንብባ ገባት፤ ግን ምን ብላ ትመለስ?

ታናሽ ወንድሟ በድርቁ ኮረም ድንኳን ውስጥ የሞተው የሚላስ የሚቀመስ ጠፍቶ ነው።

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ዘልዬዋለሁ።»

«ምኑን?» አሉ አያ ዐወድ።

«ስምንተኛውን። ቃሉ ከበደኝ… እንዳትስቁብኝ ብዬ። ብድሩ በጊዜው ካልተከፈለ የማኅበሩን መጋዘን በቆሎ ሁሉ ባንኩ ይወስደዋል ነው የሚል።»

«ያረቢ!» አለች አንዲት ሴት። ሰው ሁሉ ሰማያዊ አውራ ጣቱን እባብ እንደነደፈው አድርጎ ያየው ጀመር።

ወይዘሮ አሰገደች ውሉን አነሱት። «አሥራ አራት ዓመት የባንክ ውል ስጽፍ ኖሬያለሁ። አንባቢ ሁሉ የሚዘለው ይቺን መያዣ የምትባለዋን ነው፤ ለዚያ ነው የምጠይቀው።» ቀደዱት። «መያዣው ወፍጮው ራሱ ይሁን ካላችሁ ለአለቆቼ አቀርባለሁ። እሺ ማለታቸውን ግን እንጃ። ወፍጮውም ዘንድሮ አይደርስም።»

ከሴቶቹ አንደኛዋ አጎንብሳ ወገቧን ያዝ አደረገች፤ ከስድብ ይልቅ ሰዕዲያን ያቃጠላት ያ ነው።

ከአዳራሹ ሲወጡ አጎቷን ከኋላ ከኋላ ተከተለቻቸው።

«አያ… ቢሆንም እውነቱን ተናግሬያለሁ። ጠበቃ የምሆን አይመስልዎትም?»

አያ ዐወድ ዞር ብለው አዩዋት።

«ሆነሽ የለም እንዴ! ትናንት ከሰዓቱን ሁሉ ለባንኩ ስትሠሪ ነው የዋልሽ። ሂጂ፣ መኪናው ሳይነሳ ደመወዝሽን ተቀበያት።»