ያልወረደው ዝንጣፊ

በማራጆ ደሴት ወንዞች ላይ የአንዲሮባ ዛፍ ዘይት ቀናተኛ ነው ይባላል። ዘይቱን የምታወጣው ሴት የዛፉን ዘር ቀቅላ፣ ጥላ ውስጥ አሰንብታ፣ ውስጡን ፈልቅቃ እንደ ሊጥ አሽታ ያዘነበለ ጣውላ ላይ ስታስቀምጠው ዘይቱ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል። ያኔ የሌላ ሰው ዓይን ካረፈበት ይነጥፋል። ስለዚህ የጀልባ መቆሚያዋ ምሰሶ ላይ የዘንባባ ዝንጣፊ ታስራለች፤ ያን ያየ ሁሉ፣ ካህኑም ሳይቀሩ፣ ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ይቀዝፋል። እውነት መሆኑን ለመፈተን የደፈረ የለም። ቁስል በሚያደርቅ፣ ያበጠ ጉልበት በሚመልስ መድኃኒት ማን ይቀልዳል?

የኦዲኔያ ዘይት ግን ወርዶ ከጨረሰ ሰነባብቷል። ጠርሙሶቹ ተወትፈዋል፣ ጣውላውም ታጥቧል። ዝንጣፊው ብቻ አልወረደም፤ ሲደርቅ አረንጓዴ ትተካለታለች። ባሏ ቫልዴሚሮ ከሞተ ወዲህ ደጇን የሚረግጥ ጠፍቷል። ዝንጣፊው ካለ ግን፣ "ምን ያድርጉ፣ ዘይቱ ነው የከለከላቸው" ትላለች። ሞኝነት ነው፤ ግን ብቸኝነት ማንን ብልህ አድርጎ ያውቃል?

ከሁሉ የሚርባት የልጇ የሉሲዬኒ ዓይን ነው። የቫልዴሚሮ እግር ሲመረቅዝ ኦዲኔያ በዘይቷ ተማምና ቆየች፤ ልጅቱ ሐኪም ቤት ካልሄደ ብላ ወጥራ ያዘች። ሲወሰድ ረፍዶ ነበር። በቀብሩ ማግስት ሉሲዬኒ፣ "ከነዘይትሽ፣ ከነዝንጣፊሽ ኑሪ" ብላ ወደ ቤሌም ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት የሞተር ጀልባ ድምፅ መቆሚያው ጋ ሲደርስ ቀነሰ። ኦዲኔያ ሮጣ ባዶው ጣውላ አጠገብ ተቀመጠችና ለወንዙ ጀርባዋን ሰጥታ የሌለ ሊጥ ታሽ ጀመር። ዝንጣፊ ሰቅላ እጇን አጣጥፋ ብትታይ የአገር መሳቂያ መሆኗ ነው። ጀልባው ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሄደ። ነጋዴ ይሆናል አለች፤ ግን ቅር አላት።

ከሰዓት በኋላ አበልጇ ኦሪቫልዶ በታንኳ መጣ። ፊቱን ወደ ማዶ እንዳዞረ ተጣራ።

"አበልጄ፣ አላየሁም፣ አላይምም። ወሬ ነግሬሽ ልሂድ።"

"ንገረኝ።"

"ጠዋት በልጄ የሞተር ጀልባ ሉሲዬኒን አምጥቻት ነበር። ወልዳለች፣ ሴት ልጅ። ላሳያት ብላ ነው የመጣችው።"

"ታዲያ ምነው አልወጣች?"

"ውጪ፣ የገዛ እናትሽ አይደለች ወይ አልኳት። 'በአባዬ ጊዜ በዘይቷ ክፉ ተናግሬያታለሁ፣ አሁን ደግሞ ላበላሽባት?' አለችኝ። የሕፃኗን ዓይን ሳይቀር በመዳፏ ሸፈነች። ያች አፈኛ፣ ታምኛለሽ?" ሳቅ አለ። "በቀትሩ መርከብ ተመለሰች። ስትጨርስ ላኩብኝ ብላለች። መቼ ትጨርሻለሽ?"

ኦዲኔያ ወደ ውኃው ወረደች። የዝንጣፊው ቋጠሮ እምቢ ሲላት በጥርሷ ፈታችው።

"ዞር በል ኦሪቫልዶ።"

"ዘይቱስ?"

"ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ከፋሲካ በፊት።"

ቀስ ብሎ ዞረ። እጇ ላይ ያለውን እርጥብ ዝንጣፊ አየና ፊቱ ጠቆረ። "ሚስቴ የአሳዪ ፍሬ ጭማቂ ይዛልሽ ስንቴ ከዚህ ምሰሶ ተመለሰች። ይኼ የማያልቅ ዘይት ምን ዓይነት ነው እያለች።"

"እኔ የረሳችሁኝ መስሎኝ።"

"ታዲያ አታወርጂውም ነበር?"

"ወርዶም የሚመጣ ቢጠፋስ ብዬ።"

ኦዲኔያ ወደ ቤት ወጥታ አንድ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች።

"ይኼን መርከበኛው ያድርስላት። ጨርሳለች በሏት። ጠዋትም ጨርሼ እንደነበር ንገሯት።"

"የመጀመሪያውን ቃል እልካለሁ" አለ ጠርሙሱን ተቀብሎ። "ሁለተኛውን አንቺው ትነግሪያታለሽ።"

እሱ ሲሄድ ኦዲኔያ ባዶው ምሰሶ ሥር ተቀምጣ ወንዙን ማየት ጀመረች። በሩቅ አንድ ታንኳ ታየችና ወደ ሌላ ወንዝ ታጠፈች። ከእንግዲህ ማንም ባይመጣ በዘይቱ አታሳብብም።