የተቃጠለው ሰርግ

ዙሀይራና ወንድሟ ረዲ ሮቤ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ይሠሩ ነበር። ረዲ ይቀርጻል፤ ዙሀይራ ቤት ተቀምጣ ትቆርጣለች፣ ታገጣጥማለች፣ ዘፈን ታስገባለች። ሥራውን የጀመሩት በአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ላፕቶፗ የአንድ ሰርግ ፊልም ጨርሳ እንድታወጣ ማታ ትታዘዝና ስታጓራ አድራ፣ ጠዋት መሀል ላይ ደርቃ ትገኛለች። ዙሀይራ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለች። ከረመዳን በኋላ ሰርግ ሲደራረብ ከጎባም ከአጋርፋም ከገሰራም ይጠሯቸዋል፤ ፊልሙ ግን አይደርስም። ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትናው ወይም አቂቃው ካለፈ በኋላ ነው ሰርጋቸውን የሚያዩት እየተባለ ከተማው ይቀልድባቸው ጀመር።

ስለዚህ ዴስክቶፕ ለመግጠም ወሰኑ። አልቆ የሚሸጠውን ሳይሆን፣ ዕቃውን አንድ በአንድ መርጠው የሚያሰባስቡትን። ረዲ ኮሌጅ የተማረው ኤሌክትሮኒክስ ስለነበር መግጠሙን አልፈራውም። ለሳምንታት እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። በመጨረሻ ረዲ አዲስ አበባ ሄደና ከአንድ የኮምፒውተር ዕቃ መሸጫ ውስጥ ሆኖ ደወለላት።

ፕሮሰሰሩን፣ ማዘርቦርዱን፣ ራሙንና ሁሉም የሚገጠምበትን ኬዝ ያለ ክርክር መረጡ። ጭቅጭቁ የመጣው በቀሩት ላይ ነው። ዙሀይራ የምትፈልገው ፊልሙን ቶሎ የሚያወጣላትን ግራፊክስ ካርድ ነበር። ረዲ ደግሞ አንደኛው ቢበላሽ ሥራቸው በሌላው እንዲተርፍ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ፣ ከዚያም ደህና ፓወር ሳፕላይ ይፈልጋል፤ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ዕቃ በልኩ የሚያድለውን ሳጥን። የያዙት ገንዘብ ለሁሉም አይበቃም።

«ካርዱን ካነሳሁ ሁለቱ ይቀራሉ» አላት ረዲ። «ያለን ፓወር ከኬዙ ጋር የመጣው ብቻ ነው። እጄ ላይ ይዤዋለሁ፤ ውስጡ ባዶ ነው የሚመስለው፣ ቅልል ያለ። የእኛን ሰፈር መብራት ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

ዙሀይራ ላፕቶፗ ፊት ነበረች። የአንድ የጎባ ሰርግ ፊልም እንደገና ደርቆባት፣ የሙሽራው አባት ሲደውሉላት ነበር የዋሉት።

«ካርዱን ያዝ» አለችው። «ሌላውን ቀስ እያልን እንገዛለን።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ያለቀው የኔ ዓይን ነው፣ ረዲ።»

አልተከራከራትም። ካርዱን ይዞ መጣ።

እውነትም ካርዱ ሥራቸውን ለወጠው። ድሮ ሌሊት ሙሉ የሚፈጀው አሁን ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ያልቃል። ዙሀይራ የመጀመሪያውን ፊልም ስታወጣ ረዲን ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠችውና አብረው አዩት። ከዚያ በኋላ ሰርግ ሰርግን እየጠራ ፓወሩን መቀየር ዛሬ ነገ ሲባል ቀረ። የሰርጉ ሁሉ ቅጂ እዚያው አንድ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ ሜሞሪ ካርዶቹ ተጠርገው ለሚቀጥለው ሰርግ ይሄዳሉ።

የኢህሳን ሰርግ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ኢህሳን ሮቤ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት የአዴ መሪየም አንድ ልጅ ነበረች። ከአባቷ ሞት በኋላ ያሳደጓት እናቷ ብቻ ናቸው። ሙሽራው ዋቆ ይባላል፤ ከሀረና ጫካ ወዲያ፣ አንገቱ በምትባል ከተማ የሚኖር ቡና ነጋዴ፣ ጨዋ ቤተሰብ። አዴ መሪየም በደስታ ያገኙትን ሁሉ ያቅፉ ነበር። ሴቶቹ ሙሽራዋን የሚያለብሱበት ክፍል ወንድ ስለማይገባ እዚያ የቀረጸችው ዙሀይራ ራሷ ነበረች። ከሰርጉ በኋላ ያንን ቀረጻ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው፤ መቁረጥም ጀምራ ነበር።

አንድ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ሄደ። ዙሀይራ መሰኪያውን ልትነቅል ስትነሳ መብራቱ በኃይል ተመለሰና ከኬዙ ውስጥ ጠጠር የመታው የመሰለ ድምፅ ሰማች። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት።

ረዲ መጥቶ ፈታው። ከኬዙ ጋር የመጣው ፓወር ብቻውን አልሞተም፤ ማዘርቦርዱንም ዲስኩንም ይዞ ሄዷል። ውዱ ካርድ ግን ተርፏል። ዲስኩን አዲስ አበባ ወስዶ ያውቃሉ ለተባሉ ሰዎች ሰጠ፤ የሚችሉትን ሁሉ ሞክረው ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም ብለው መለሱለት። ረዲ ነግሬሽ ነበር አላለም። ዙሀይራን ይበልጥ ያሳመማት ይኸው ነበር።

ፊልማቸው ለጠፋባቸው ቤተሰቦች እየዞሩ ነገሩ። አንዱ ሙሽራ በር ላይ ቆሞ ሰደባቸው፤ ሌሎቹ ልብሳቸውን እንደገና ለብሰው ፎቶ ተነሱ። ለኢህሳን መንገር የዙሀይራ ድርሻ ነበር፤ የምትቀርባት እሷ ናትና። ኢህሳን ከአንገቱ ስትደውል ግን ድምፅዋ በደስታ የተሞላ ነበር። ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገረቻት። ፊልሙስ ስትላት ዙሀይራ ገና አላለቀም አለቻት። ኢህሳን አትቸኩዪ ብላ ሳቀች። ሌላ ጊዜም ደወለች፤ ዙሀይራ ያንኑ መለሰችላት። ፊት ለፊት ሳገኛት እነግራታለሁ እያለች ለራሷ ቀጠሮ ትሰጣለች።

ክረምት ላይ ኢህሳንን ምጥ ያዛት። ልጁ በጎን መጥቷል ተባለና ወደ ጎባ ሆስፒታል በመኪና ተነሱ። የሀረና መንገድ በጭቃ ተውጦ ነበር። መኪናው ጫካው ውስጥ ብዙ ቆመ፤ እንደምንም ወጥተው ሰነቴ ተራራ አናት ላይ ጉሙ ውስጥ ሲደርሱ ዋቆ እጇን ይዞ ስሟን ቢጠራት አልመለሰችለትም። ሕፃኑም አልተረፈም። ሁለቱን ሮቤ ቀበሯቸው።

ዙሀይራ ለቅሶ ልትደርስ ለተዕዚያ ስትሄድ ከሴቶቹ ኋላ ግድግዳ ተጠግታ ተቀመጠች። አዴ መሪየም ዓይናቸው ሲያርፍባት አንገቷን ደፋች።

ሐዘንተኛው ከተበተነ ከሳምንታት በኋላ አዴ መሪየም እነዙሀይራ ቤት መጡ። ረዲ ወንበር አቀረበላቸው። ሰላምታው ሲያልቅ የመጡበትን ተናገሩ። ዋቆ ስልክ ውስጥ ያለው ፎቶ ነው፣ ፎቶ ደግሞ አይናገርም፤ እሳቸው ልጃቸው ስትናገር መስማት ይፈልጋሉ። ሰርጓን ስጡኝ አሉ።

ረዲ ሊናገር ሲል ዙሀይራ ቀደመችው።

«ቪዲዮው የለም፣ አዴ። ኮምፒውተሩ ተቃጥሎ ጠፍቷል። ኢህሳን ስትደውልልኝ አላለቀም ያልኳት ዋሽቼ ነው። ያኔም አልነበረም።»

አዴ መሪየም አላለቀሱም፣ አልተቆጡም። በምን እንደተቃጠለ ጠየቁ። ዙሀይራ ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ መብራቱን የሚችል የተሻለ ዕቃ እንደነበረ፣ እነሱ ግን ሥራ የሚያፈጥነውን እንደመረጡ።

«ገበያ ላይ ነበረ ማለት ነው» አሉ አዴ መሪየም።

«ነበረ።»

«እና ተዋችሁት።»

«እኔ ነኝ ተወው ያልኩት።»

አሮጊቷ ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አደረጉ። ዙሀይራ ሊነሱ ነው ብላ ስታስብ፣ «አንቺስ አይተሽዋል?» አሏት።

«አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ንገሪኝ።»

ዙሀይራ የምታስታውሰውን ሁሉ ነገረቻቸው። ኢህሳን ሂና የተቀባ እጇን ነፋስ ላይ ይዛ ሴቶቹን ውኃ አጠጡኝ ስትል። አክስቷ መከናነቢያዋን ስታስተካክል መርፌ ወግታት ስትጮህ። እናቷ ሲገቡ «ሀርሜ፣ እናቴ፣ አታልቅሺ፣ ኩሌ ይበላሻል» ስትላቸው። አዴ መሪየም ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረዋት ይሉ ነበር። ሲጨርሱ አላህ ይርሀማት ብለው ሄዱ።

አንዱን ግን አልነገረቻቸውም። ሴቶቹ ከክፍሉ ሲወጡ ዙሀይራ ባትሪ ልታመጣ ወጥታ ነበር፤ ካሜራው በርቶ ቀርቷል። ክፍሉ ውስጥ ኢህሳንና አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነበሩ። ኢህሳን ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለች፦ «አንገቱ ሩቅ ነው። ብታመም እናቴ እስክትደርስልኝ ያልቅልኛል። እንቢ ልላት ነበር፤ ፊቷን ሳየው አቃተኝ።» ዙሀይራ ያኔ ቀረጻው ላይ ስትሰማው ይህ ፊልሙ ውስጥ አይገባም ብላ ቆርጣ ልታወጣው አስባ ነበር። አሁን ያንን ከሰሙት ውስጥ ጓደኛዋ አረብ አገር ሄዳለች፤ እዚህ ያለችው ዙሀይራ ብቻ ናት።

ለረዲ ነገረችው። ረዲ ብዙ አሰበና፣ «የሳቸው ልጅ ቃል ነው። ከሳቸው መደበቅ አትችዪም» አላት።

«ብነግራቸው ይገድላቸዋል።»

«አንድ ጊዜ ከኢህሳን ደብቀሻል።»

ረዲ ከዚያ ወዲህ ካሜራ መያዝ ጠላው፤ ጎባ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ተቀጠረ። ዙሀይራ በሰው ኮምፒውተር መሥራት ቀጠለች።

አዴ መሪየም ከገበያ ሲመለሱ መምጣት ለመዱ። አይቆጡም፣ አይወቅሱም፤ ገብተው ይቀመጡና ንገሪኝ ይላሉ። ዙሀይራም ሂናውን፣ መርፌውን፣ ኩሉን ትነግራቸዋለች። ብዙ ጊዜ ዛሬ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብላ አፏን ከፍታለች። አንድ ቀን ግን ራሳቸው ጠየቋት።

«እኛ ከክፍሉ ስንወጣስ ምን አደረገች?»

ዙሀይራ እጆቿን አየች። «መስታወት አየች» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሳቀች።»

አዴ መሪየም ልጃቸው ስትስቅ እንደምታደርገው እጃቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። «አፏን በእጇ ይዛ?»

«አፏን በእጇ ይዛ» አለች ዙሀይራ።