የቅዳሜው መስኮት

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ይቅመሱ» አለቻቸው እህታቸው ሰብሌ፣ የንፍሮውን ሳህን እያስጠጋች።

ጋሽ ገብረወልድ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ልጃቸውን ሳምሪን ረቡዕ ጦር ኃይሎች አካባቢ መኪና ገጭቷት፣ ሐሙስ ቀበሯት። ዛሬ ቅዳሜ፣ ሣልስቷ ነው። እህል በየት በኩል ይውረድ?

ሳምሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እንግዶች እየመራች ኮልፌን በእግር ታስጎበኝ ነበር። ከ18 ማዞሪያ ተነስታ፣ የከዋክብት ሊቁ ፕሮፌሰር ዘርዓብሩክ በልጅነቱ የተማረበትን፣ ኳስ የተጫወተበትን ቦታ ታሳያለች። ጉዞው አራት ሰዓት ላይ የሚያልቀው ከቤታቸው ጀርባ፣ ከአባቷ መስኮት ሥር ነው።

ያቺን ሰዓት እንዴት ይጠሏት ነበር! ከዘርዓብሩክ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማሩት፤ አንደኛ የሚወጡትም እሳቸው ነበሩ። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው ጋራዥ ገቡ። ያኛው ሰማይ ሲመረምር እሳቸው ብሎን ሲያጠብቁ አረጁ። የገዛ ልጃቸው ደግሞ የሰው ስም ይዛ ደጃቸው ትመጣለች! አራት ሰዓት ሲቃረብ መስኮቱን ዘግተው በሽቦ ያስሩት ነበር።

«አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ብቅ በልልኝ» ትላቸው ነበር።

«እኔ የማንም ታሪክ ማድመቂያ አይደለሁም!»

ከለቀስተኞቹ መካከል አንድ የማያውቁት ወጣት መጥቶ አጠገባቸው ቁጭ አለ።

«አላህ ያጽናዎት፣ ጋሼ። ሀምዳን እባላለሁ፤ የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ከሳምሪ ጋር ሦስቴ ጎብኝቻለሁ።»

«እዚህ ድረስ?»

«አዎ። እመስኮቱ ጋ ስንደርስ ‹ለዘርዓብሩክ ክፍልፋይ ያስተማረው ልጅ እዚህ ቤት ነው ያለው። አባቴ ነው። አንድ ቀን መስኮቱን ይከፍትና ራሱ ይነግራችኋል› ትለናለች። ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቃለን።»

«ምን ያህል?»

«ተስፋ እስክትቆርጥ ነዋ። ባለፈው ቅዳሜ ዝናብ ነበር፤ ቆመን በሰበስን።»

ጋሽ ገብረወልድ ዝናቡን ያስታውሱታል። የልጃቸውን ሳልም ከውስጥ ሆነው ሰምተዋል። ያን ዕለት ሽቦውን አንድ ዙር ጨመሩበት።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ።

«አራት ሊሆን ነው።»

ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? ብርድ ይመታዎታል!» አለች ሰብሌ።

ወደ መስኮቱ ሄዱ። ስንቱን የዛገ ብሎን የፈቱ ጣቶች ከአንዲት ሽቦ ጋር ታገሉ። ሀምዳን ሊያግዛቸው ቢል እጁን ገፉት። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አሉ ለራሳቸው፣ መስኮቱን ወለል አድርገው እየከፈቱ።

የኋላው መንገድ ላይ ማንም አልነበረም።

ጋሽ ገብረወልድ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ሽቦውን እንደጨበጡ ቆመው ጠበቁ።