ሁላችንም ልጆቻቸው ነን

ዳኛው ከግቢው በር ጀምሮ «እናቴ! እናቴን!» እያለ ሲገባ ሚጢጢ ስኒ የሞላ ትሪ ይዛ መንገዱ ላይ ቆማ ነበር። ሰውዬው ግዙፍ ነው፤ ሦስት ሰው ደግፎት ነው የመጣው። ትከሻውን ያዙለት፣ ውሃ አመጡለት፣ «በቃህ፣ አይዞህ» አሉት። ሚጢጢ ግድግዳ ተደግፋ አሳለፈችው።

ረጋ ሲል ከትሪው ላይ ሻይ አነሣና ቀና ብሎ አያት።

«አንቺ እህት፣ ቲቸር ቤት ብዙ ዓመት ሠርተሻል?» አላት በደግ ድምፅ።

«ልጃቸው ነኝ።»

«እሱማ ሁላችንም ልጆቻቸው ነን» አለና እንባው እንደገና መጣ።

ምን ትበለው? የወለደችው እኔን ነው ብላ ከዳኛ ጋር አትሟገት። ትሪውን ይዛ ወደሚቀጥለው ወንበር አለፈች።

ሚጢጢ የቤት ስሟ ነው። አሁን እንኳን ሚጢጢ ልትባል፣ በዝቅተኛ በር ስታልፍ ጎንበስ ማለት የግድ የሆነባት ሴት ናት። ግን ስም ከወጣ ወጣ ነው፤ እናቷ እስከ መጨረሻው ሚጢጢ እንዳለቻት ሞተች። ድንገት ነው የሞተችው፣ ልብስ ልታሰጣ ወጥታ።

ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ከስደተኞች መጠለያ የወጣ ሐኪም አለ፤ በሕፃናት ማሳደጊያ ያደገች ጠበቃ አለች፤ አባቱ መቃብር ቆፋሪ የነበረ መሐንዲስ ጥጉን ይዞ ይንሰቀሰቃል። እናቷ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነበረች። ከዚያ በተጨማሪ፣ ከየዓይነቱ ኑሮ የመጡ፣ ነገ ሰው ይመራሉ የተባሉ ወጣቶችን መርጦ በነፃ ኮሌጅ የሚያስተምር አንድ ድርጅት ነበርና ከመራጮቹ አንዷ እሷ ነበረች። እነዚህን ሁሉ ጠረጴዛ ማዶ አስቀምጣ ያናገረቻቸው፣ «ይሄ ልጅ ይማር» ያለችላቸው እሷ ናት። ለቅሶውን ሲያለቅሱ የሚያምርባቸውም ለዚህ ነው። ሚጢጢ ግን እንባ እምቢ አላት።

«አንቺ ልጅ፣ ዓይንሽ ደረቅ ነው» አለቻት አክስቷ ወጥ ቤት ድረስ ተከትላት ገብታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እንግዳው ሲያለቅስ የሟች ልጅ ሻይ ትቀዳለች? ሰው ምን ይላል?»

«የሚቀዳ ስለጠፋ ነው፣ አክስቴ።»

«የሚቀዳማ ሞልቷል! ሂጂና ቁጭ በይ። ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ።»

ቁጭ አለች። አጠገቧ የተቀመጡት ግን በእሷ አናት ላይ እርስ በርሳቸው ማውራት ቀጠሉ። በየትኛው ዓመት አገኘህ፣ ቲቸር ምን ብለው ጠየቁህ፣ እኔንማ በላብ አጠመቁኝ፣ ይባባላሉ። ሚጢጢ ዓመት የላትም። እናቷ እሷን ጠይቃት አታውቅም።

እሷም የመጨረሻ ክፍል የደረሰችበት ጊዜ ነበር። የክፍል አለቃ ነበረች። የትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አጥቶ በተዘጋ ጊዜ ተማሪውን በተራ መድባ አስከፍታዋለች፤ ዓመቱን ሙሉ አንድም መጽሐፍ አልጠፋም። የክፍል ኃላፊዋ «የመሪነት ዕድሉን ተወዳደሪ፣ ለአንቺ የተሰፋ ነው» አሏት። ችግሩ የመራጭ ልጅ መወዳደር አይችልም። እና አንድ ማታ እራት ላይ፣ ጎርሳ ሳትጨርስ፣ «እማዬ፣ ለዘንድሮ ብቻ ከመራጭነቱ ብትወጪስ?» አለች።

እናቷ ደስ ብሏት ነበር። «እኔም ይህንኑ ሳስብ ነበር» አለቻት። ሚጢጢ ያን ሌሊት በደስታ እንቅልፍ አጣች። ሳምንት ሳይሞላ እናቷ ከስብሰባ መጣች፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ በሩ ላይ ቆመች፣ «ዘንድሮ አልችልም» አለች።

«ለምን?»

«አልችልም፣ ሚጢጢ።»

በቃ። ስለ አመልካቾች ከስብሰባው ክፍል ውጪ ማውራት ክልክል ነው፤ እናቷ ደግሞ ክልክል ከተባለ ለገዛ እናቷም አትናገርም። ዕድሉ ለመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች ብቻ ስለሆነ ያመለጠው አመለጠው። ሚጢጢ ቀን ቀን መነጽር ቤት ተቀጠረች፣ ማታ ማታ ተማረች፣ ሌንስ ሞርዳ ፍሬም ውስጥ መግጠም ለመደች። ጥሩ ባለሙያ ናት። ኑሮዋ የሚያሳፍር አይደለም፤ የመረጠችው አይደለም እንጂ።

የእናቷንም መነጽር የምትሠራው እሷ ነበረች። እናትየው ሱቁ ውስጥ ፊት ለፊቷ ትቀመጣለች፣ ሚጢጢ ጎንበስ ብላ ዘንጉን ከጆሮዋ ኋላ ታስተካክላለች፣ ፊትና ፊታቸው ሊነካካ ምንም አይቀረውም። ያን ያህል ተቀራርበው ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም። መጨረሻ የመጣች ጊዜ «ሚጢጢ፣ ያን ዓመት እኮ...» ብላ ጀምራ ነበር። ሚጢጢ «አትነቃነቂ፣ ይጣመምብኛል» አለቻት። እናቷ አገጯን ቀና አደረገች።

ዳኛው በመጣ ማግስት የመራጮቹ ሰብሳቢ የነበሩት ሽማግሌ መጡ። ጋሼ ይሏቸዋል ሁሉም። ሚጢጢ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና ሳትዞር ሳትጠመዝዝ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ በእኔ ዓመት እናቴ ለምን አልወጣችም?»

ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አልነገረችሽም?»

«እርስዎ ያውቋት የለ!»

«አይ እሷ...» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወጥታ ነበር እኮ። ልጄ ልትወዳደር ነው፣ እኔን አትቁጠሩኝ አለች፣ እኛም እሺ አልን። ከዚያ መስማት የተሳናት አንዲት ልጅ አመለከተች። የምልክት ቋንቋ ከመካከላችን ከእናትሽ በቀር የሚችል የለም። መስማት ከተሳነው አጎትሽ ጋር አይደል ያደገችው? አስተርጓሚ እንጥራ ስንል፣ ‹ያኔ የምትመርጡት አስተርጓሚውን ነው፤ ልጅቷን ራሷን የሚሰማት አንድ ሰው ያስፈልጋል› አለችና ተመልሳ ቁጭ አለች።»

«እኔስ?»

«እሱን እኔም ጠየቅኋት። ‹የእኔዋ እኔ አለሁላት፤ ያቺ ማን አላት?› አለችኝ።»

ሚጢጢ አመሰገነቻቸው። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባችና የታጠበውን ስኒ ሁሉ እንደገና አጠበችው። ምክንያቱን ማወቅ ያሳርፈኛል ብላ ነበር የኖረችው። አላሳረፋትም፤ አናደዳት። እኔ አለሁላት ያለችው እናቷ አሁን የለችም፤ የማታውቃት አንዲት ሴት ግን የሆነ ቦታ የሚጢጢን ዓመት ይዛ ትኖራለች።

ሴትዮዋ ከሰዓት በኋላ መጣች። የሥራ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም፤ ጥፍሮቿ ዙሪያ ጥቁር ቀለም አለ። አክስት «ነፍስ ይማር፣ ግቢ» አለቻት። ሴትዮዋ አልመለሰችም። አክስት ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ቀጥላም ጮኸች፤ ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ። ሴትዮዋ ፈገግ ልትል ሞከረችና አልሆነላትም። ጆሮዋን አሳየች፤ እጆቿም በደረቷ ፊት ተነሥተው፣ የሚያያቸው ሲያጡ ወረዱ።

ሚጢጢ ግን አየቻቸው። ይህን ቋንቋ አጎቷ ከሞተ ወዲህ አልተናገረችውም፤ ጣቶቿ የዛጉ መስሏት ነበር።

«ነዪ፣ እኔ ጋ ተቀመጪ» አለቻት በእጇ።

ሴትዮዋ እንደ ተጠማ ሰው መጣች። ማተሚያ ቤት እንደምትመራ ነገረቻት። ማሽኑ ሲነሣ በጩኸቱ መሃል ጆሮው የሚሰማ ሰው ሁሉ ግራ ይገባዋል፤ ስለዚህ ሠራተኞቿን በሙሉ በእጅ ማውራት አስተምራቸዋለች። ሌሎቹ መርዶውን በስልክ ተጠራርተው ነው የሰሙት። ለእሷ ግን ማንም አልደወለላት።

«ዛሬ ጠዋት የመታሰቢያ ካርድ ይታተም ተብሎ ፎቶ መጣ። ማሽኑን አስነሣሁ። የሚወጣውን ወረቀት ሳነሣ ቲቸር ናት። ማሽኑን ማጥፋት አቃተኝ፤ ዝም ብላ ትወጣለች፣ ትወጣለች...»

ሚጢጢ ጉልበቷን ነካች። ቤቱ ጸጥ ብሎ ያያቸዋል፤ ከመካከላቸው የሚባለውን የሚያውቅ የለም።

«አንቺ ረጅሟ ነሽ አይደል?» አለች ሴትዮዋ። እጇን ከግንባሯ በላይ አነሣችና ሽቅብ አየች። «ቲቸር እንዲህ ነበር የምትጠራሽ። ስለ አንቺ ሳታወራኝ አትሄድም ነበር።»

እናቷ ስለ ሌሎቹ ሁሉ ቤት ታወራ ነበር፤ ስለዚህች ሴት አንድም ቀን አላነሣችም።

«አንቺስ ዕድሉን በየትኛው ዓመት አገኘሽው?» አለቻት ሴትዮዋ።

«አልተወዳደርኩም።»

«አንቺ? ለምን?»

ምንም ብትል ማንም አይሰማትም። ዋሽታ ማለፍ ትችላለች፤ ሴትዮዋም በሰላም ትሄዳለች። ግን ይህን ነገር ብቻዋን ይዛ መኖር ታከታት። «ያን ዓመት እናቴ ከእኔና ከአንቺ መምረጥ ነበረባት» አለች። «አንቺን መረጠች።»

ሴትዮዋ የሚጢጢን እጆች እያየች ቆየች፣ የሚቀጥል ነገር እንዳለ ሁሉ። «አላውቅም ነበር» አለች በመጨረሻ። ተነሣች። ለማንም ሳትሰናበት፣ ጫማዋን እያየች ወጣች።

ሚጢጢ ባዶውን ወንበር አየች። በሴትዮዋ ላይ የፈረደች መስሏት ነበር። ለካ በዚህ ሁሉ ሰው መካከል እናቷ በእጇ የምትናገረውን ቋንቋ የምትናገር ያች አንዷ ብቻ ነበረች፤ እሷንም አባረረቻት።

«ቆይ!» ብላ ጮኸች። «ቆይ እንጂ!»

ዳኛው ዞረ፣ ጋሼ ዞሩ፣ አክስት ስኒ ጣለች። ሴትዮዋ ብቻ አልዞረችም፤ መንገዷን ቀጠለች። ሚጢጢ ወንበር ገፍታ፣ ሰው ተራምዳ ሮጠችና ግቢው በር ላይ ትከሻዋን ነካቻት። ስትዞር ፊቷ በእንባ ርሷል። ሚጢጢ ልትናገር እጆቿን አነሣች፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያገኘችው ቃል አንድ ብቻ ነበር።

«ነገም ነዪ» አለቻት።

ሴትዮዋ ሁለቱንም እጆቿን ያዘቻት። እጅ ለእጅ ከተያያዙ ደግሞ አንዳቸውም መናገር አይችሉም። ሚጢጢ ያኔ አለቀሰች።