እንደገና ኮርቻ ላይ

የደምበጫው ገበሬ አቶ እንዳላማው ጉልበታቸውን ከታመሙ ወዲህ ፈረሳቸው ላይ መውጣት አቃታቸው። የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ግን ለሽምግልና የሚጠራቸው መንደር ሁሉ ራቀባቸው። ራጅ ተነሡ፣ መርፌ ተወጉ፣ ጸበል ተጠመቁ፤ ሕመሙ ፋታ አልሰጣቸውም።

ደብረ ማርቆስ ያገኟት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ትሕትና ጉልበታቸውን ካየች በኋላ፣ "አባባ፣ ቢሻልዎ ምን ማድረግ ይፈልጋሉ?" አለቻቸው። እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

"ፈረሴ ላይ መውጣት" አሉ ቀስ ብለው።

"እንግዲያው የምንሠራው ለእሱ ነው" ብላ ደረጃ መውጣት መውረድ፣ ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት አለማመደቻቸው።

"ማሽኑስ?" አሏት፣ ጥግ ላይ ወደቆመው የኤሌክትሪክ ማከሚያ እያመለከቱ።

"ማሽኑ ለጊዜው ያስታግስልዎታል፤ ኮርቻ ላይ የሚያወጣዎት ግን የራስዎ ጡንቻ ነው። እዚህ ከመመላለስ እንቅስቃሴውን ቤትዎ ይሥሩት።"

ክረምቱን ሙሉ ደጃፋቸው ካለው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ፣ ባለቤታቸው ያለምወርቅ "ሽማግሌው ልጅ ሆኑ" እያሉ ይስቁ ነበር።

መስከረም ሲጠባ በድንበር የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾች ያስታርቁን ብለው ላኩባቸው። እንዳላማው እርካቡን ረግጠው ተነሡ። ጉልበታቸው ጠቅ አደረጋቸው፤ ግን አልከዳቸውም። ኮርቻው ላይ ሲደላደሉ ያለምወርቅ የልጓሙን ዛብ አቀበሏቸው።

ወንድማማቾቹም በዚያው ቀን ታረቁ።