ዘግየት የሚለው አራተኛ ምት

ራፐሩ ቃሉን ይናገራል፤ ከቃሉ ሥር የሚመታውን ነገር፣ ቢት የምንለውን፣ የምሠራው እኔ ነኝ። ሰው ይህን ሲሰማ «ኮምፒውተሩ አይደል እንዴ የሚሠራው?» ይለኛል። ደሜ ይፈላል። ኮምፒውተር ያለው ሁሉ ቢት የሚሠራ ቢሆን፣ መቀስ ያለው ሁሉ ልብስ ሰፊ በሆነ ነበር። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ መቀስ መያዝና መስፋት ለየቅል መሆናቸውን አውቃለሁ። ቅጥነቴን ከእናቴ ሙያ ጋር ደምሮ ሰፈሩ ሁሉ «ክር» ይለኛል። በሥራዬ ላይ የሚጻፈውም ይኸው ስም ነው።

አሠራሬን ልንገራችሁ፤ ጉራ ከመሰለም ይምሰል። ከዜማ አልጀምርም፣ ከድምፅ ነው የምጀምረው። የአውቶቡስ በር ሲዘጋ የሚያወጣውን ትንፋሽ፣ ከስቱዲዮዬ ሥር ያለው ማተሚያ ቤት ወረቀት ሲቆርጥ፣ የጃኬት ዚፕ ሲሳብ፣ ሁሉንም በስልኬ እቀዳለሁ። ከዚያ ከርክሜ በጣቶቼ እጫወተዋለሁ። የእናቴ መቀስ ጸናጽል ይሆናል፤ የወረቀት መቁረጫው ከበሮ ይሆናል። ያለቀ የመሰለኝን ሥራ ሦስት ቀን አልነካውም። ከዚያ ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳሎን እተወውና ሽንት ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ አዳምጠዋለሁ። በተዘጋ በር አልፎ አንገቴን ካላወዛወዘው ውሃ አያነሳም፤ አጠፋዋለሁ። እህቴ «ወንድሜ ፈተና የሚወስደው ሽንት ቤት ነው» ትላለች።

የማላጠፋው አንድ ነገር አለ፤ የእናቴ የስፌት መኪና። በእግር የሚረገጥ አሮጌ መኪና ነው። ሕፃን ሳለሁ የተራረፈ ጨርቅ አንጥፋልኝ ከሥሩ ነበር የምተኛው። መርገጫው ታክ፣ ታክ፣ ታክ ይልና፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ፣ ታክ። አራተኛው ሁልጊዜ ይዘገያል። የሚዘገየው እግሯ ነው። እናቴ በልጅነቷ ቀኝ እግሯ ተሰብሮ በደንብ አልገጠመም፤ ታነክሳለች። ይህን ነገር በቤታችን ውስጥ አንድም ሰው በአፉ ብሎት አያውቅም። ቀሚሷን ረዘም አድርጋ ትሰፋለች። በር ላይ ስንደርስ «እለፉ፣ እለፉ» ብላ ሁሉን ታሳልፍና መጨረሻ ትወጣለች፤ ከኋላዋ ሆኖ አረማመዷን የሚያይ ሰው እንዲኖር አትፈልግም። እኛም እንዳላየን ሆነን አደግን።

እኔ ግን ሰምቻለሁ። በሠራሁት ሁሉ ሥር ያቺ መዘግየት አለች። መኪናውን እንደምቀዳ እናቴ ታውቃለች፤ ለምን እንደምቀዳው አታውቅም። ታክሲ ውስጥ ወጣቱ በእሷ እግር አንገቱን ሲያወዛውዝ፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ «ምን ሆኖ ነው?» ትለኛለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ከዚያ ምላጭ መጣ። ምላጭ ራፐር ነው፤ በከተማው እሱን የማያውቅ ወጣት የለም። ለአዲሱ አልበሙ መክፈቻ የእኔን ቢት መረጠ። ይህን ቀን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄዋለሁ። ሥራውን፣ ድምፁን አመጣጥኖ እንዲጨርሰው፣ ለምላጭ የድምፅ ባለሙያ ላክሁለት፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእኔ ስቱዲዮ ተገናኝተን የመጨረሻውን ሰምተን ለአሳታሚው ልንልከው ተቀጣጠርን። እናቴም በዚያው ቀን እንድትመጣ ሆነ። ምላጭ የለበስኩትን ጃኬት አይቶ «ይሄን የሰፋው ሰው ካልሰፋልኝ» ስላለ፣ ልትለካው ነው። ስቱዲዮዬን ረግጣው አታውቅም፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ በደረጃው ላይ ደግሞ ሰው አይጠፋም።

ቀድማ መጣች። እንደገባች ዓይኗ ግድግዳው ላይ ቀረ። ድምፅ እንዳያስተጋባ የለጠፍኳቸውን ወፍራም ጨርቆች የሰፋችልኝ እሷ ናት፣ ከደንበኞቿ ትራፊ።

«ይሄ የአስተማሪዋ ካፖርት ነው» አለች እየዳሰሰችው። «ይሄ ደግሞ የጎረቤታችን መጋረጃ። እኔ አልጋህ ላይ የምታለብሰው መስሎኝ!»

«ብተኛበት ኖሮ እዚህ አልደርስም ነበር፣ እማዬ።»

«አፍህስ መቼም አያርፍ።»

ምላጭና የድምፅ ባለሙያው ተከታትለው ደረሱ። እናቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ምላጭን መሐል ወለሉ ላይ አቆመችው። ያ መድረክ የሚያንቀጠቅጥ ሰው እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ጸጥ አለ። ባለሙያው ላፕቶፑን ከፍቶ አጫወተ።

ታክ፣ ታክ፣ ታክ፣ ታክ። አራተኛው በሰዓቱ መጣ።

«ስህተቱን አረምኩልህ» አለኝ ባለሙያው ደስ እያለው። «አራተኛው ምት ሁሌ ይዘገይ ነበር። አንድ በአንድ ጎትቼ ቦታው አስገባሁት። አሁን እንደ ሰዓት ነው የሚሄደው።»

በሙያችን ይህ ውለታ ነው፤ የሰው ስህተት አይቶ ሳያሳጡ ማረም። ስለዚህ ልቆጣውም አልቻልኩም።

«እንደነበረ መልሰው» አልኩት።

«ለምን?»

ምላጭ እጁ እንደተዘረጋ አንገቱን ወደ እኔ አዞረ። «ንገረኝ ክር። ለእኔ ይሄኛውም ጥሩ ነው። ዛሬ መላክ አለበት፤ ምክንያት ካለህ አሁን በለው።»

ምክንያቱንማ አውቃለሁ። ለመናገር ግን ያንን በቤታችን የማይነሣ ነገር፣ እናቴ ፊት፣ በሁለት ባዕድ ሰዎች መሐል ማንሣት ነበረብኝ። ዝም ካልኩ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ሥራ እግሯን ጥሎ ሊወጣ ነው። ምላሴ ተሳሰረ።

«እንዲሁ… እኔ ስለምወደው ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ልፍስፍስ መልስ ሰጥቼ አላውቅም።

ባለሙያው ራራልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን አለሰለሰ። «አይዞህ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም። የቀዳኸው መኪና ተበላሽቶ ነው። ዘይት ያጣ መኪና ያስታውቃል።»

ሜትሩ ከምላጭ ትከሻ ላይ ወረደ።

«ምኑ ነው የተበላሸው?» አለች እናቴ።

«መኪናው ነዋ፣ እማማ። ድምፁ እኮ…»

«መኪናዬን ቅዳሜ ቅዳሜ ዘይት አጠጣዋለሁ! መንኮራኩሩን የሚያዞረውን ቺንጋ አምና ነው የቀየርኩት። አንዲት የላላች ብሎን ካገኘህ መጥተህ አሳየኝ!»

«ይቅርታ እማማ፣ የእርስዎ መሆኑን አላወቅሁም…»

«ልጄ ሊነግራችሁ አፍሮ ነው» አለች፤ እያየችኝ። «የምዘገየው እኔ ነኝ። ቀኝ እግሬ ነው። በሰባት ዓመቴ ተሰብሮ ጠማማ ገጠመ። መኪናው ደህና ነው።»

ዕድሜ ልካችንን የሸሸግነው ነገር ለአንድ የስፌት መኪና ክብር ሲባል ወጣ። እሷ ግን አንዴ ተነክታለችና አልበቃትም።

«በዚህ እግር ሁለት ልጅ አሳድጌያለሁ። በዚህ እግር የስንቱን ሙሽራ አልብሻለሁ። እኔ በሰፋሁት ልብስ ላይ የተወላገደ ስፌት ያየ ካለ ይምጣ!»

«ኧረ ማንም አላየም፣ እማማ» አለ ባለሙያው፣ ወንበሩ ላይ ኩምሽሽ ብሎ።

ወደ እኔ ዞረች። «እግሬን ነው እንዴ ስትቀዳ የኖርከው?»

«አዎ፣ እማዬ።»

«ሁሉም ላይ?»

«ሁሉም ላይ። እግርሽ የሌለበት አንድም ሥራ የለኝም።» አሁን ምላሴ ተፈታ። «ሌላውን ድምፅ ማንም ይሠራዋል። ያቺን ዘግየት የምትለዋን ምት ግን ካንቺ በቀር የሚመታት የለም። ሰው ሥራህን ከሩቅ ለየሁት ሲለኝ በእሷ ነው የሚለየኝ። እኮራባታለሁ።»

ሜትሩን ጣቷ ላይ ጠቀለለችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ጠቀለለችው።

«የመጀመሪያውን አጫውቱልኝ እስቲ» አለ ምላጭ።

አጫወትኩት። ምላጭ በጫማው ወለሉን እየመታ መግቢያውን ማለት ጀመረ። መዘግየቷ ላይ ሲደርስ ትንፋሽ ሳበ፣ ቃሉንም ከእሷ በኋላ አሳረፈው። ደገመው። ሦስተኛ ጊዜ ሲል ራሱ ሳቀ።

«በታረመው ላይ በሆዴ ስለማመድ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር፤ እኔ አረጀሁ ብዬ ደንግጬ ነበር እኮ! ይሄኛው ነው የሚሄደው። ክር፣ ከበሮ ማን መታ ብለን እንጻፍ?»

እናቴን አየኋት።

«ልብስ ሰፊዋ በሉ፤ ይበቃል» አለች። «አንተም እጅህን ዘርጋ፣ እጅጌው አላለቀም።»

ለክታ ስትጨርስ ልንሸኛት አብረናት ተነሣን። ባለሙያው ሮጦ በሩን ከፈተና ቆመ። እናቴ እንደ ልማዷ «እለፉ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችው። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ከሁላችን ቀድማ ወጣች። ኮሪደሩ ረጅም ነው፣ ወለሉም እያንዳንዱን እርምጃ ይመልሳል። ሦስታችን ከኋላዋ ሄድን፤ ማናችንም ልንቀድማት አልሞከርንም። የምላጭ አንገት መወዛወዝ ጀምሯል። እኔ እጄን ወደ ስልኬ ሰደድኩ፣ አፍሬም ኪሴ ውስጥ ተውኩት።

እናቴ ዞር እንኳን ሳትል፣ «ቅዳ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አለችኝ።